ጤፉ የዘለለበት ጉባኤ

የአገራችንን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ሰው ያለ ስሟም ያውቃታል። የማያውቃት ደግሞ ስሟን አንብቦ ሊጎበኛት ቢነሣ መንገዱ መጥፎ ነው፤ በኋላ እኔን ይራገማል።

አገራችን የጩኸት አገር ናት። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ከተሞቻችን የተሠሩት በገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ አያቶቻችን ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው እየተጣሩ ኖሩ። በኋላ ድልድይ ተሠራ፤ ጩኸቱን ለማቆም ግን ያሰበ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዛሬም አንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠን ጨው ስንቀባበል እንጮኻለን። ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አዋቂ ይባላል። ከዚያም በላይ የሚጮኽ ይሾማል።

እኔ ጌጡ እባላለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ሥራዬ በሱቆች በር ላይ ጽሑፍ መጻፍ ነው። በጩኸት አገር ጽሑፍ የሚፈልግ ባለ ሱቅ ብዙ አይደለም፤ ጉንፋን የያዘው ካልሆነ በቀር። በዚህ ምክንያት ገበያዬ የሚደራው በብርድ ወራት ነው። ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ትንሽ ነው። ሰው ፊት ስቆም ደግሞ ያችው ትንሿም ትሸሸኛለች። ባለቤቴን አትጠገብን የጠየቅኋት እንኳ በአፌ አይደለም፤ በቤታቸው በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፌ ነው። አባቷ መጀመሪያ ቀለሙን አስፋቁኝ፤ ከዚያ ልጅቷን ሰጡኝ።

የመጀመሪያ ልጃችን ትርንጎ ትባላለች። ትርንጎ አትሰማም። ይህን ያወቅነው ገና ጨቅላ ሳለች ነው። አንድ ማለዳ የከተማው ጥሩምባ ነፊ መስኮታችን ሥር ቆሞ ሲነፋ እኔና አትጠገብ ከአልጋ ወደቅን፤ እሷ አውራ ጣቷን እየጠባች እንቅልፏን ቀጠለች። አዘንን። ሐዘናችን ግን ብዙ አልቆየም፤ ጊዜ አጣን። ትርንጎ ወሬ ትወድ ነበርና። በእግሯ መሄድ ሳትጀምር በእጇ ማውራት ጀመረች። ዝናብ ሲመጣ ጣቶቿን አናቷ ላይ ታንጠባጥባለች። እኔን ስትፈልግ መዳፏን በሌላ እጇ ጣት እንደ ብሩሽ ትጠርጋለች። እናቷን ስትፈልግ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቷን ታኮሳትራለች፤ አትጠገብ ይህን ምልክት እንድናስቀይራት ብዙ ጊዜ ጠይቃለች። ቀስ በቀስ እኔም ተማርሁ። በእጄ ስናገር አላፍርም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ስለ «አቤት» መጻፍ አለብኝ። በአገራችን ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በአደባባይ ይጠራል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። የጥሪ ሹሙ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስሙን ይጠራል። ልጁ ዞሮ «አቤት!» ካለ የአገር ልጅ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሲያድግ ቤት ይሠራል፣ ያገባል። ካልዞረ «ያልመለሰ» ይባልና ከወንዙ ማዶ ወዳለው የጸጥታ መንደር ይወሰዳል። እዚያ ክፉ ነገር የለም ይባላል። ምግብ አለ፤ ንጹሕ አልጋ አለ። የሌለው ወላጅ ብቻ ነው። ልጁ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከወንዙ ወዲህ ሆነው ሲጠሩት ከሰማ ነው። እስካሁን የተመለሰ የለም። ሹሞቹ ይህን የሚያዩት ልጆቹ መንደሩን ስለወደዱት ነው ብለው ነው።

ትርንጎ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላት።

በዚያው ሰሞን «የማይሰሙ ልጆች ወላጆች ሁሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለታላቅ ጉባኤ ውጡ» ተብሎ ተለፈፈ። በጉባኤው ስለ ልጆች አስተዳደግ ትምህርት ይሰጣል፤ በመጨረሻው ቀን ማንኛውም ወላጅ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ያለፈ ሐሳብ ሕግ ይሆናል። ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ጥሪም በዚያው በጉባኤው ግቢ ይፈጸማል።

«የምትሄደው አንተ ነህ» አለችኝ አትጠገብ። ሁለተኛ ልጃችንን ወልዳ አራስ ነበረች። የእሷ ድምፅ ደኅና ነው፤ ከቤታችን ሳትወጣ ወፍጮ ቤት ካለ ሰው ጋር ትጣላለች።

«ሄጄ ምን እላለሁ?»

«ልጄን አልሰጥም ትላለህ!»

«ሰው ፊት?»

«ታዲያ ግድግዳ ፊት ነው? ጌጡ ይሙት፣ ጫማህን ስታይ ውለህ ባዶ እጅህን ብትመለስ በዚህ በር አትገባም!»

«በየት ልግባ?»

«በመስኮት!»

ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ኖሮ፣ እኔና ትርንጎ ስንወጣ «ጌጡ፣ መስኮቱን ለካኸው ወይ?» እያለ ሸኘን። ትርንጎ ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ መስኮቱን ዞር ብላ አየችና ትከሻዬን በስንዝር ለካች።

ጉባኤው የተደረገበት አዳራሽ ትልቅ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሳንቃ። በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ከበሩ ወዲያ ደግሞ ወደ ጸጥታ መንደር የሚሄዱት ጋሪዎች ተሰልፈው ነበር። ባለ ጋሪዎቹ ደጎች ናቸው፤ ለልጆቹ ከረሜላ ያድላሉ። ትርንጎ አንድ ተቀብላ ለእኔም ጠየቀችልኝ። ከረሜላዋን ኪሴ ውስጥ ከተትኋት።

«ልጆች አይገቡም!» አለ ዘበኛው።

«ጉባኤው የልጆች አይደለም እንዴ?» አሉ ከፊቴ የቆሙ ሴትዮ። ደብሪቱ ይባላሉ፤ ከቆላ የመጡ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ማናዬ የሚባል እንደ ትርንጎ ያለ ልጅ አላቸው።

«ስለ ልጆች ነው እንጂ የልጆች አይደለም።»

«ቢገቡስ ምን ያደርጋሉ? አይሰሙ፣ አይረብሹ!»

«እሱ ነው እኮ እትዬ! ሹም እየተናገረ የማይሰማ ሰው ቁጭ ሲል ያማል።»

ስለዚህ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ቀሩ፤ እኛ ገባን።

ያስተማሩን ሊቀ ጉሮሮ አንዳርጌ ናቸው። ሊቀ ጉሮሮ በአገራችን ከፍተኛው የጩኸት ማዕርግ ነው። አንገታቸው ከጭንቅላታቸው ይሰፋል። መድረኩ ላይ ወጥተው በድንገት ጮኹ።

«ልጆቻችሁ አይሰሙም የሚባለው ሐሰት ነው! እናንተ ናችሁ ያልጮኻችሁት!»

በአዳራሹ ውስጥ ተስፋ ሲያልፍ ተሰማኝ። አንዳንድ እናቶች አለቀሱ። ችግሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ማን ያውቅ ነበር!

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ያሳለፍነው ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን የልጆቻችንን ስም ስንጠራ ነው። ጥሪው ከእምብርት መነሣት አለበት። እምብርት ካልበቃ ከጉልበት፣ ጉልበት ካልበቃ ከተረከዝ። ሊቀ ጉሮሮ በመካከላችን እየተዘዋወሩ ሆዳችንን በበትር ይነኩና «ከዚህ! ከዚህ!» ይላሉ። እኔ አፌን ብቻ እከፍት ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዓሣ ነህ?» አሉኝ አጠገቤ የቆሙት እትዬ ደብሪቱ።

«አይ… እየጠራሁ ነው።»

«ማንን? ሐዋርያትን? ለራስህ እኮ አልተሰማህም!»

«ለእኔ ይሰማኛል እትዬ።»

«ይሄማ የራሴ ልጅ ነው የሚመስለው!» ብለው ሳቁና ማናዬን መጥራት ቀጠሉ። ድምፃቸው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ይታወቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ዘዴው መሥራቱን ለማሳየት ማናዬ ወደ አዳራሹ እንዲገባ ተፈቀደለት። ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። ሊቀ ጉሮሮ ትንፋሽ ስበው፣ እኛም ሁላችን አብረን፣ «ማናዬ!» አልን። ማናዬ ዞረ! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ደብሪቱ መሬት ሳሙ። የጥሪ ሹሙ ሊቀ ጉሮሮን አቀፏቸው። ማናዬ በዚህ ሁሉ መካከል ቆሞ ከትከሻው ላይ ጭቃ እያራገፈ፣ ማን እንደ ወረወረበት ሊያውቅ በቁጣ ያየን ነበር። ከጩኸቱ የተነሣ የግድግዳው ልጥፍ ተፈርፍሮ ወድቆበት ነው። ይህን ያየን ሁለት ሦስት ሰዎች ነበርን። ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግንም።

በዕረፍት ሰዓት እኔ ወደ ግቢው እወጣ ነበር፤ እዚያ ይሻለኛል። ልጆቹ እንደ መጡ እርስ በርስ አልተግባቡም ነበር። እያንዳንዱ የቤቱን የእጅ ንግግር ይዞ ነው የመጣው። ለምሳሌ ዳቦ በትርንጎ እጅ ክብ ነው፤ ማናዬ ግን በሁለት እጁ ይገምጣል፤ ከደጋ የመጣች አንዲት ደብል፣ ጉንጯ የሞላ ልጅ ደግሞ ሆዷን ትመታለች። በዚህ ላይ ከባድ ክርክር ተነሣ። ሦስቱም ቁጭ ብለው ተጨቃጨቁ፤ ማናዬ ተቆጥቶ ጀርባውን ሰጠ፤ ጀርባውን ሲሰጥ ክርክሩ እንደሚያመልጠው ገብቶት ወዲያው ተመለሰ። በመጨረሻ የትርንጎ ክብ አለፈ፤ በምትኩ ውኃ የማናዬ ሆነ። ደብሏ ልጅ ለሆዷ ምት «ጠገብሁ» የሚለውን ወሰደች። እኛ ግድግዳ ስንጠራ በሰነበትንበት ጊዜ እነሱ ቋንቋ ሠርተው ጨርሰው ነበር። ለየራሳቸውም ስም አወጡ። የትርንጎ ሁለት የፊት ጥርሶች ስለ ወለቁ ስሟ ሁለት ጣት የፊት ጥርስ ላይ ማድረግ ሆነ። ማናዬ ትከሻን ማራገፍ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ሳያቸው ሐሳቡ መጣልኝ። ቀላል ነው፦ ጥሪው ከፊት ለፊት ይሁን፤ በእጅም ይሁን። ይኸው ነው። ትርንጎ ዓይን አላት፤ ካየች ትመልሳለች። ይህን ለጉባኤው መናገር ብቻ ነበር የቀረኝ።

በእኛ አገር ሐሳብ የሚያልፈው በሚዛን ነው። መድረኩ ላይ አንድ ከበሮ ይቆማል፤ በቆዳው ላይ ጤፍ ይበተናል። ተናጋሪው ይናገራል፤ ደጋፊዎቹ አብረው ይጮኻሉ፤ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ጤፉ ከከበሮው ዘሎ ከወረደ ሐሳቡ ሕግ ሆነ። ካልወረደ ወደቀ። ይህን የሚያየው ድምፅ መዛኙ ነው፤ ቀጭን፣ የማያዳላ ሽማግሌ። ወንድሙ አንድ ጊዜ ሐሳብ አቅርቦ አንዲት ፍሬ ቀርታበት ጥሎታል ይባላል።

እንዲያው ለልምምድ ያህል፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ከበሮው ፊት ቆሜ ሐሳቤን ተናገርሁ። መዛኙ ጥግ ላይ መቀመጡን አላየሁም ነበር። ተነሥቶ መጣና ጤፉን ጎንበስ ብሎ መረመረ።

«ተናግረሃል?»

«አዎ አባቴ።»

«አንድም ፍሬ አልተነቃነቀም።» አየኝ። «ሐሳቡ ግን መጥፎ አይደለም። የሚጮኽልህ ሰው ፈልግ።»

ፈለግሁ። ሁሉም ወላጅ ሐሳቡን ወደደው፤ «መልካም ነው! ግን ማናዬ ዞሯል እኮ!» እያለ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ጩኸት ተምረው፣ ልጅ ሲዞር በዓይናቸው አይተው፣ አሁን የእጅ ነገር ማን ይሰማል? እትዬ ደብሪቱ እንኳ «ጌጡ፣ ትንሽ ከጮኽህ እኮ ያንተም ትዞራለች» አሉኝ። ክፋት የላቸውም። ግን ጋሪዎቹ በር ላይ ነበሩ።

የመጨረሻው ቀን ነጋ። ወደ አዳራሹ ገባን፤ ዘበኛው ከውጭ ዘጋብን። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ጉባኤ አንድ ሕግ ሳያወጣ አይበተንም፤ ሕግ ሳይወጣ በሩም አይከፈትም። የጥሪ ሹሙ ወደ መድረክ ወጥተው ጉባኤውን ሊከፍቱ አፋቸውን ከፈቱ።

ምንም አልወጣም።

ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እንደ ገና ሞከሩ። እንደ አሮጌ በር ማጠፊያ ያለ ነገር ሲጥ አለና ቆመ። ሊቀ ጉሮሮን ጠቀሱ። ሊቀ ጉሮሮ አንገታቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ከተረከዛቸው አንሥተው ጮኹ፤ የሰማነው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወደ ወላጆቹ ዞርን። ወላጆቹም ተያዩ። ሌት ተቀን ግድግዳ ሲጠሩ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው፤ በአዳራሹ ሙሉ የተረፈ ድምፅ አልነበረም። የእኔ ብቻ ነበር፤ ስላልተጠቀምሁበት።

መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ በጨዋነት ቆዩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ረኃብ መጣ። ሊቀ ጉሮሮ ከበሮው ላይ ተደፍተው ተነፈሱበት፤ መዛኙ በትንፋሽ የሚነሣ ጤፍ አይቈጠርም ሲል በጣቱ ከለከላቸው። ዘበኛውን ለመጥራት በሩን ደበደቡ፤ ዘበኛው በሩን የሚከፍተው ሕግ ወጣ ሲባል ብቻ ስለሆነ፣ ድብደባውን ለክርክሩ ሙቀት ሰጠው። ከውጭ «በርቱ!» ሲለን ሰማን።

በዚህ መካከል ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው ማየት ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ አፉን ይከፍታል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ አንዱም አይግባባም። ልጆቹ እንዲህ የሚያስቅ ነገር አይተው አያውቁም። ትርንጎ በመስታወቱ በኩል ፈለገችኝና «ምን ሆናችሁ?» አለችኝ በእጇ።

«ድምፅ አለቀ» አልኋት።

«ምሳ ደርሷል።»

«በሩ ተዘግቷል።»

«እንግዲያው የእናንተን እንበላላችኋለን።»

ቀና ስል የጥሪ ሹሙ ከአጠገቤ ቆመዋል። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ከውጭ ጋር ሲነጋገር አይተዋል። እጅጌዬን ያዙኝና በሹክሹክታ፣

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ምሳ ደርሷል አለች፣ ጌታዬ።»

«ምንድን ነው?»

ትርንጎን ጠየቅኋት። «ምስር ነው፣ ጌታዬ። ከድንች ጋር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አስቀምጡልን በላት።»

አልኋት። ትርንጎ ከማናዬና ከደብሏ ልጅ ጋር ተማከረች። ከዚያ መልስ ሰጠች።

«ምን አለች?»

«እናስብበታለን አለች፣ ጌታዬ።»

 «እናስብበታለን» የሚለውን ቃል ሹሙ ከቢሯቸው ያውቁታል፤ ከልጅ አፍ መጥቶባቸው ግን አያውቅም፤ ከልጅ እጅም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ወላጆቹ መስኮቱ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር። እትዬ ደብሪቱ ወደ መስታወቱ ተጠግተው እኔ ያሳየኋቸውን የዳቦ ክብ ለማናዬ ሠሩለት፤ ማናዬ ዳቦ አንሥቶ አሳያቸው። እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያን ሁሉ ቀን ሲጠሩት ሰንብተው እሱ ያልሰማቸውን፣ አሁን ያለ ድምፅ አንድ ቃል ነግረውት ዳቦ ይዞ መጣ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ሞከረ። ውኃ ጠየቁ፣ ጨው ጠየቁ፤ አንድ አባት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ «ደኅና ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ልጁ «እርቦሃል መሰለኝ» አለው።

ጊዜው እንደ ደረሰ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁሉም እጅ ያያል እንጂ ጫማዬን የሚያይ የለም። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ልናገር ስል ግን ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ላይ ነው።  ምን ላድርግ? ቤት ውስጥ ትርንጎ ጀርባዋን ስትሰጠኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ሳንቃውን በተረከዜ ጠበቅ አድርጌ ረገጥሁት። ንዝረቱ በእግሯ ሥር ሲያልፍ ትርንጎ ሁልጊዜ ትዞራለች።

ሁሉም ዞሩ። መዛኙ ግን የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ከበሮውን ነው። ከጤፉ አንድ እፍኝ ያህል ዘሎ መሬት ላይ ተበትኗል።

«ጥሪው ከፊት ለፊት ይሁን» አልሁ። ድምፄ እንደ ተለመደው ትንሽ ነበረች። ግን ሌላ ድምፅ አልነበረምና እስከ ኋላ ወንበር ሄደች። እጆቼም አብረው ይናገሩ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ያሉት ልጆች እንዲያውቁት። «በእጅ ይሁን። ልጆቻችን ያያሉ። ሲያዩን ይመልሳሉ። እኔ… ልጄን አልሰጥም።»

ይህን ስል እንባዬ መጣ፤ ግን እጆቼ አልቆሙም።

እትዬ ደብሪቱ ተነሥተው እግራቸውን አነሡ፤ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ጭቃ የሚረግጡበት እግር ነው። አንድ ጊዜ ረገጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ አባት። ከዚያ ሁሉም። ሳንቃው እንደ ጭፈራ ቤት ተንቀጠቀጠ። ጤፉ ከከበሮው ላይ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ወረደ። ልጆቹ ንዝረቱን በግድግዳው ሰምተው ኖሮ በመስኮቱ ላይ ሆነው ይዘልሉ ጀመር። ሊቀ ጉሮሮ መጀመሪያ ለተቃውሞ ነበር የረገጡት፤ በእሳቸው ርግጫ የመጨረሻዋ ፍሬ ስለ ወደቀች ድጋፍ ሆኖ ተቈጠረ።

መዛኙ ባዶውን ቆዳ በመዳፉ ዳሰሰ። ሕጉ «ጤፉ ከወረደ» ይላል እንጂ በምን እንደሚወርድ አይልም። እጁን አንሥቶ፣ «አልፏል» የሚለውን ቃል በአፉ ሠራ። አልተሰማም። ሁላችንም አየነው።

«ሕግ ወጣ» ብዬ ለዘበኛው ነገርሁት፤ በሩ ተከፈተ። ምስሩ ተበልቶ አልቋል።

ጥሪው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ሕጉ ገና ትኩስ ስለሆነ የጥሪ ሹሙ ልጆቹ ለየራሳቸው ካወጧቸውና እኔ ካሳየኋቸው ስሞች ውጪ የሚጠሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ባለ ወርቅ ካባቸውን ለብሰው ድንጋዩ ላይ ወጡ። ማናዬን ሲጠሩ ትከሻቸውን አራገፉ፤ ካባው ወደቀ፤ ማናዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋ። በልጆቹ ቋንቋ ይህ «አቤት» ነው። እትዬ ደብሪቱ በቀረቻቸው ድምፅ እልል ሲሉ የተሰማው ፉጨት ብቻ ነበር።

ከዚያ የትርንጎ ተራ ደረሰ። ሹሙ ወደ እሷ ተመለከቱ፤ በሕዝብ ሁሉ ፊት ሁለት ጣታቸውን የፊት ጥርሳቸው ላይ አደረጉ።

ትርንጎ ከደብሏ ልጅ ጋር ወሬ ላይ ነበረች። ሹሙን አየች። ማየቷን አየሁ። አየቻቸውና ወደ ወሬዋ ተመለሰች።

 ከባለ ጋሪዎቹ አንዱ ከረሜላ ከኪሱ ሲያወጣ አየሁ።  ሹሙ እንደ ገና ጣታቸውን ጥርሳቸው ላይ አደረጉ፤ በዚህ ጊዜ ጠበቅ አድርገው።

ትርንጎ ፊቷን ሳታዞር አንድ እጇን ወደ ድንጋዩ ዘረጋችና መዳፏን አቆመች።

«ምን አለች?» አሉኝ ሹሙ በሹክሹክታ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ቆይ አለች፣ ጌታዬ።»

«እኔን?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ወሬዋን ልትጨርስ ነው።»

ሹሙ ወደ መዛኙ ዞሩ። «መልስ ነው ይህ?»

መዛኙ ጢሙን ደባበሰ። «ያልተጠራ ሰው ቆይ አይልም» አለ እሱም በሹክሹክታ። ቀጥሎም፣ «የኔም የልጅ ልጆች እንዲሁ ናቸው» ብሎ ጨመረ፤ ይህ በሕግ ውስጥ የለም።

ሹሙ ካባቸውን ሰብስበው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። ወሬው ረጅም ነበር። ከቆምሁበት ስለሚታየኝ ተከታተልሁት፤ ስለ አንድ አህያና ስለ አንድ ቄስ ጃንጥላ ነው፤ መጨረሻው በጣም ያስቃል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እንድታቋርጠው አልፈለግሁም። አህያው ጃንጥላውን ይዞ ወንዝ ሲሻገር ደብሏ ልጅ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ያን ጊዜ ትርንጎ ቀሚሷን አራገፈች፤ በሕዝቡ መካከል እየሮጠች መጣች፤ ድንጋዩ ሥር ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ወደ ፊት ዘረጋችው፤ ልክ እንደ ማንኛውም የአገራችን ልጅ፣ ዘግይታ።